ፈረስ እንደ ዩኒፎርም ሰፋ ተደርጎ አይገዛም

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከሦስት ወላጆች በየተራ ተላከልኝ። ሦስቱም ልጆቻቸውን ግልቢያ የማስተምርላቸው ናቸው። አንዷ እናት ከሥሩ «እና እስከ ዛሬ ስንሳሳት ነበር ማለት ነው?» ብላ ጽፋልኛለች። ለሦስቱም ለየብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

ጽሑፉ ጀማሪ ልጆች ምን ዓይነት ፈረስ ላይ ይቀመጡ የሚል ነው። ላላነበበው ባጭሩ ልንገረው። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፦ ፖኒ (ቁመቱ አጭር የሆነው የፈረስ ዓይነት) ተንኮለኛ ስለሆነ ለልጅ አይሆንም፤ ትልቅ ፈረስ ግን ገር ነው። ልጅ ቶሎ ያድጋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ተለቅ ያለ ፈረስ መግዛት ያዋጣል። ምርጫው በዕድሜ ሠንጠረዥ ይሁን፤ ለ5 ዓመት ልጅ 110 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ፈረስ፣ ለ9 ዓመት 135፣ ለ12 ዓመት 150። ክብደት አያሳስባችሁ፤ ልጅ ቀላል ነው። ከተቻለ ደግሞ ያልሠለጠነ ወጣት ፈረስ ይገዛና ከልጁ ጋር አብረው ይማሩ። መጨረሻ ላይ «መውደቅ ያው መውደቅ ነው፣ ከየትም ይሁን» ብለው ይዘጋሉ።

ከምስማማበት ልጀምር። የሚነክስና የሚራገጥ ፖኒ ላይ ከሚቀመጥ ልጅ፣ ዝግ ያለ ትልቅ ፈረስ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ይሻላል። ጠባይ ከቁመት ይቀድማል። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። የተለያየነው ከዚያ በኋላ ነው። «አንዳንድ ፖኒ ክፉ ነው» ብለው ይጀምሩና ሁለት አንቀጽ ሳይሄዱ «ፖኒ ክፉ ነው» ላይ ይደርሳሉ።

ለመሆኑ ፖኒ ምንድን ነው? ጽሑፉ ውስጥ ፖኒ «ገና ያላደገ ፈረስ» ተብሏል። አይደለም። ውርንጭላ አድጎ ፈረስ ይሆናል። ፖኒ ግን ሠላሳ ዓመት ቢሞላውም ፖኒ ነው። የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን ወሰኑን በቁመት አስቀምጦታል፤ ያለ ብረት ጫማ 148 ሴንቲሜትር፣ ከነጫማው 149። የሚለካው ደግሞ ከአናቱ አይደለም። ጋማው ከሚያልቅበት፣ ከኮርቻው ፊት ካለው የጫንቃ ጉብታ እስከ መሬት ነው። አንገቱን ቀና ደፋ ሲያደርግ ውሎ በአናቱ ማን ይለካዋል?

ይህም ቢሆን የውድድር ወሰን ነው እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። የአይስላንድ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ 140 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው። አገሩ ላይ ግን ፖኒ ብሎ የሚጠራው የለም፤ አዋቂ ተሸክሞ ረጅም መንገድ ይሄዳል። የአረብ ፈረስም 145 ሴንቲሜትር ሆኖ ፈረስ ይባላል። ስለዚህ «ፖኒ» የሚለው ስም ብቻውን ስለ እንስሳው ጠባይ ምንም አይነግራችሁም።

ፖኒ የሕፃናት መጫወቻ ነው የሚል ስሜትም ጽሑፉ ውስጥ አለ። በፌዴሬሽኑ የፖኒ ውድድሮች የሚሳተፉት ከ12 እስከ 16 ዓመት ያሉ ወጣቶች ናቸው። ጎበዝ ጎበዝ ጋላቢዎች ናቸው። ይህ ካልበቃ ስትሮለርን ልጥራ። ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈበት በ1968 እ.ኤ.አ. የሜክሲኮ ኦሎምፒክ፣ ማሪዮን ኮክስ የምትባል ወጣት እንግሊዛዊት በመሰናክል ዝላይ በግል የብር ሜዳሊያ ወሰደች። የጋለበችው ስትሮለር 145 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆን ፖኒ ነበር። አጠገቡ የተሰለፉት ግዙፍ ግዙፍ ፈረሶች ናቸው።

አሁን ወደ ተንኮሉ እንምጣ። ምክንያቱ ካልገባን መፍትሔው አይገባንምና እዚህ ትንሽ ልቆይ።

አንድ 160 ሴንቲሜትር ፈረስ ጠዋት ከተማሪ ጋር አጉል ጠባይ ካሳየ ከሰዓት አሰልጣኙ ራሱ ይወጣበታል። ሃያ ደቂቃ ያሠራውና ያስተካክለዋል። 105 ሴንቲሜትር የሆነ ፖኒ ግን ማን ይወጣበት? እኔ ብወጣበት እግሬ መሬት ይጠርጋል፤ ጀርባውንም እጎዳዋለሁ። ስለዚህ ብዙ ትናንሽ ፖኒዎች በሕይወታቸው የሚያውቁት ልጅ ብቻ ነው። የሚያስተምራቸውም ልጅ፣ የሚያበላሻቸውም ልጅ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም።

ፖኒው ደግሞ ሞኝ አይደለም። አንድ ቀን ሣር ዓይቶ አንገቱን በድንገት ይደፋል። ዛቡን አጥብቃ የያዘችው ልጅ በአንገቱ ላይ ተንሸራታ ትወርዳለች። ትምህርቱ ይቆማል። ፖኒው ሣሩን ይበላል። በሚቀጥለው ቀን ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እደግመው ነበር። ክፋት አይደለም፤ ሒሳብ ነው።

መፍትሔው ትልቅ ፈረስ መግዛት ሳይሆን ፖኒውን ማሠልጠን ነው። ቀላልና ጎበዝ የሆነ ታዳጊ ጋላቢ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይውጣበት። እኛ አዋቂዎቹ ደግሞ መሬት ላይ ሆነን በረጅም ገመድ በክብ እናዙረው፤ በሁለት ረጃጅም ዛብ ከኋላው እየሄድን እንንዳው። ለሣሩ ችግርማ ቀላል ነገር አለ፤ ከልጓሙ ወደ ኮርቻው የሚታሰር ቀጭን ማሰሪያ አንገቱን እስከ መሬት እንዳይደፋ ይከለክለዋል። ታስሮ ግን ዝቅ ቀና ማለት መቻል አለበት። አጥብቃችሁ አንገቱን ሰቅላችሁ እንዳታስሩት።

ሁለተኛው ምክንያት ምግብ ነው። ብዙዎቹ የፖኒ ዝርያዎች የመጡት ነፋስና ብርድ ከበዛበት፣ ሣር ከሳሳበት ምድር ነው። በትንሽ መኖር ለምደዋል። እኛ ደግሞ ለሩጫ ፈረስ የሚሰጠውን እህል እንሰፍርላቸዋለን፤ ሥራቸው በቀን ግማሽ ሰዓት ልጅ ይዞ መዞር ብቻ ሆኖ ሳለ። ካልጠገቡ አይዘሉ፣ ካልዘለሉ አይሰበሩ ይባል የለ። ጉዳቱ ዝላዩ ብቻ ቢሆን እንኳ በተሻለ። የወፈረ ፖኒ ላሚናይተስ በሚባል የሰኮና በሽታ በቀላሉ ይያዛል። ሰኮናው ውስጥ ያለው ሕብረ ሕዋስ ያብጥና መቆም እንኳ ያሠቃየዋል። ለአብዛኛው ቀላል ሥራ የሚሠራ ፖኒ ድርቆሽና ጨው፣ በዛ ቢባል ጥቂት የማዕድንና የቫይታሚን ማሟያ ይበቃዋል። እህሉን ለሚደክመው ተዉለት።

ሦስተኛው ሕመም ነው። ድሮ በሠራሁበት አንድ ቦታ ኮርቻ ሊጫንበት ሲል የሚነክስ ፖኒ ነበር። «ጠባዩ ነው» ተብሎ ዓመት ሙሉ አፉ በገመድ እየታሰረ ይጫን ነበር። በኋላ የእንስሳት ሐኪም መጣና ኮርቻውን አንስቶ ጫንቃውን በጣቱ ጫን ሲለው ፖኒው ተንቀጠቀጠ። ኮርቻው ጠቦት ኖሯል። ሰፋ ያለ ኮርቻ ተገኘለት፤ ለስድስት ሳምንት አረፈ፤ ከዚያ በኋላ ንክሻው ቀረ። እኔም ከሚያስሩት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። አሁንም ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል።

እንግዲህ ፖኒ ስትመርጡ «ፖኒ ነው ወይስ ፈረስ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ማን አሠለጠነው፣ ምን ይበላል፣ የሚያመው ነገር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ወደ ገሩ ትልቅ ፈረስ ልሂድ። ጸሐፊው ያዩትን እኔም አይቻለሁ። ዝግ ያለ 165 ሴንቲሜትር ፈረስ ላይ የ7 ዓመት ልጅ ይወጣል። ፈረሱ ፊቱ ያለውን ፈረስ ተከትሎ ሜዳውን ይዞራል። ወላጅ ፎቶ ያነሳል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ግን ልጁ እየጋለበ ነው ወይስ ተሳፍሮ ነው? ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ብለዋል አባቶች። ዞሮ ዞሮ አንድ ቀን ፊተኛው ፈረስ ሲቆም የኋለኛው ላይቆም ይችላል። ያን ጊዜ የልጁ እግርና እጅ ምን ያህል ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

እግሩ አይደርስም። ነገሩ ይኸው ነው። ጋላቢ ፈረሱን «ሂድ» የሚለው በባቱ የሆዱን ጎን ጫን በማድረግ ነው። የትልቅ ፈረስ ኮርቻ ግን ሰፊና ረጅም የቆዳ ክንፍ አለው። የትንሽ ልጅ እግር ከነተረከዙ እዚያ ክንፍ ላይ ያልቃል። ልጁ ቢመታ የሚመታው ቆዳ ነው። ፈረሱ ምንም አይሰማውም፤ ወይም እንደ ዝንብ ይሰማዋል። ልጁ ጨምሮ ይመታል። አሁንም የለም። ከዚያ አለንጋ ይሰጠዋል። በወሩ ልጁ የተማረው ነገር ፈረስ የሚሄደው ሲደበደብ ነው የሚል ይሆናል። ፈረሱም ጎኑ ደንዝዞ ለቀጣዩ ተማሪ ያስቸግራል።

የእርካቡ ጠፍርም እንዲሁ ነው። ለአዋቂ የተሠራውን ጠፍር ለማሳጠር ተጨማሪ ቀዳዳ ይበሳል፤ ወይም በእርካቡ ላይ ይጠመጠማል። እርካቡ ራሱ ግን የአዋቂ ነው፤ ሰፊ ነው። የልጁ እግር ሙሉ በሙሉ ሾልኮ ያልፍበታል። ሲወድቅ እግሩ እዚያው ተይዞ የሚጎተት ልጅ ማየት አልፈልግም። እርካብ ከጫማው ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ገደማ ሰፋ ይበል፤ ከዚያ አይብለጥ፣ ከዚያም አይጥበብ። የጫማው ተረከዝም ትንሽ ከፍታ ይኑረው። ስኒከር አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚረሳው ደግሞ ስፋትን ነው። ሁሉም ቁመት ይጠይቃል። «ስንት ሴንቲሜትር ነው?» ይላል ወላጅ። «ወርዱስ?» የሚል እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። በርሜል የመሰለ 130 ሴንቲሜትር ፖኒ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ልጅ እግሮቹ እንደ መቀስ ይከፈታሉ። ጉልበቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ዳሌው ይቆለፋል፤ ሶምሶማ ሲጀመር እንደ ኳስ ይነጥራል። ቀጠን ያለ 145 ሴንቲሜትር ፈረስ ላይ ግን ያው ልጅ እግሩን ወደ ታች ጥሎ ሊቀመጥ ይችላል። ስለዚህ ትልቁ የሚስማማበት፣ ትንሹ የማይስማማበት ጊዜ አለ። ይህን ለጸሐፊው ድጋፍ አድርጋችሁ ብትቆጥሩልኝ ቅር አይለኝም።

ሌላም ላክልላቸው። የአጭር ፖኒ ሶምሶማ ቶሎ ቶሎ የሚረግጥ ነው፤ ያንገጫግጫል። ከኮርቻው ብድግ ቁጭ ማለትን ለሚለማመድ ልጅ ፍጥነቱ አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል። ረጅም እርምጃ ያለው ፈረስ ላይ ምቱን ቶሎ የሚያገኝ ልጅ አለ። እኔም አንዳንዴ ለዚህ ብቻ ልጅን ለአንድ ሁለት ትምህርት ወደ ተለቅ ያለ ፈረስ አሻግራለሁ። ያኔ ግን ፈረሱ በረጅም ገመድ በእጄ ነው። ልጁ ስለ ዛብና ስለ ማቆም አያስብም። ለብቻው ሲሆን ወደ ልኩ ይመለሳል።

ከመሬት ያለውን ሥራም አትርሱ። ግልቢያ ኮርቻ ላይ አይጀምርም። ልጁ ፈረሱን ከጋጣ ያወጣል፣ ይቦርሻል፣ ሰኮና ይጠርጋል፣ ልጓም ያገባል። የ8 ዓመት ልጅ 165 ሴንቲሜትር ፈረስ ጆሮ ላይ ልጓም ለማሳለፍ በርጩማ ላይ መቆም አለባት። ፈረሱ አንገቱን ብድግ ካደረገ አለቀ። ኮርቻውንም ሌላ ሰው ይጭንላታል። ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ የሚጠብቃት ልጅ መሪ አትሆንም። 120 ሴንቲሜትር ፖኒ ያላት ጓደኛዋ ግን ሁሉንም ራሷ ትሠራለች፤ ፖኒው ገፋ ሲያደርጋት መልሳ ትገፋዋለች። በሦስት ወር ውስጥ የሁለቱ ልጆች አረማመድ እንኳ ይለያያል።

«ሲያድግ ይሞላዋል» የሚለውን ነጥብ ወላጆች በጣም ወደውታል። ይገባኛል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሰፋ አድርገን ነው የምንገዛው። እጅጌው ይታጠፋል፤ በዓመቱ ይዘረጋል። ፈረስ ግን እጅጌ የለውም።

እስቲ እናስላው። ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ያለ ልጅ በዓመት አምስት ስድስት ሴንቲሜትር ነው የሚያድገው። ለ7 ዓመቷ ልጅ 155 ሴንቲሜትር ፈረስ ብትገዙ በትክክል የምትስማማው 11 ወይም 12 ሲሞላት ነው። እስከዚያ አራት ዓመት አለ። እነዚህ አራት ዓመታት ደግሞ መሠረቱን የምትይዝባቸው ናቸው፤ አቀማመጡን፣ የእጅ ልስላሴውን፣ ድፍረቱን። አራት ዓመት ሙሉ በማይደርስ እግር ስትለማመድ ቆይታ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው። ደግሞ የሚፈራ ልጅ ሁልጊዜ «ፈራሁ» አይልም። የትምህርቱ ቀን ሲደርስ ሆዱን ያመዋል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ይቀራል። ወላጅም «ፍላጎቱ አለቀ» ይላል።

ልጁ ሲያድግ ያነሰው ፖኒስ ምን ይደረግ? ጥሩ ፖኒ ሥራ አይፈታም። ለታናሽ ወንድም ይተላለፋል፣ ለሌላ ቤተሰብ ይሸጣል፣ ወይ ከመጀመሪያው በኪራይ ይያዛል። ፖኒ ዕድሜው ረጅም ነው፤ በደንብ የተያዘ 25 እና 30 ዓመት ይደርሳል፤ የሚያልፍም አለ። አንድ ፖኒ አራት አምስት ልጅ ሊያሳድግ ይችላል። ለጀማሪ ልጅ በበኩሌ የምመርጠው ደግሞ ከ12 ዓመት በላይ የሆነውን ነው። ብዙ ነገር ያየ አይደነብርም።

አብረው ይማሩ የሚለውን በአጭሩ ልለፈው፤ ስለሚያናድደኝ። የሦስት ዓመት ፈረስና የስምንት ዓመት ልጅ ቢገናኙ ሁለቱም አያውቁም፤ ሁለቱም ይፈራሉ፤ ሁለቱም የሌላውን ፍርሃት ያባብሳሉ። የፈረስ አከርካሪ አጥንት እስኪጠነክር አምስት ስድስት ዓመት ይፈጃል። ሚዛኑን ያልጠበቀ ጀማሪ እዚያ ጀርባ ላይ ሲነጥር የሚጎዳው ልጁ ብቻ አይደለም። ሥዕሉ ያምራል፤ ልጅና ውርንጭላ አብረው ሲሮጡ። ይሩጡ። ሜዳ ላይ፣ ያለ ኮርቻ፣ አጥር ለያይቷቸው።

ክብደት። «ልጅ ቀላል ነው፤ የትኛውም ፖኒ ይችለዋል» ይላሉ። እዚህ ላይ ጸሐፊው ለፖኒው ትንሽ ቢያስቡለት ደስ ይለኝ ነበር።

በብዛት የሚነገረው ልክ 20 በመቶ ነው። ጋላቢው ከነኮርቻው የፈረሱን ክብደት አንድ አምስተኛ አይለፍ ማለት ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ስምንት ፈረሶችን 15፣ 20፣ 25 እና 30 በመቶ ክብደት አሸክመው ያዩ ተመራማሪዎች ነበሩ። 25 እና 30 በመቶ ላይ የልብ ምቱ ጨመረ፤ ጡንቻውም ታመመ። ወገባቸው ሰፋ ያሉት በተሻለ ቻሉት። በነገራችን ላይ 20 በመቶ ጣሪያ ነው እንጂ ግብ አይደለም። ሚዛኑን የማይጠብቅ ጀማሪ ዝም ብሎ ከተቀመጠ ሰው ይልቅ ለጀርባ ይከብዳል፤ እኔ 15 ላይ ብቆም እመርጣለሁ።

አሁን አንድ የሸትላንድ ፖኒ እንውሰድ፤ ከስኮትላንድ ደሴቶች የመጣ ትንሽ ዝርያ ነው። በትውልድ አገሩ መዝገብ ከ107 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ጠንካራ ነው። እንግሊዝ በ1842 እ.ኤ.አ. ሴቶችንና ከ10 ዓመት በታች የሆኑ ወንዶች ልጆችን ከከሰል ማዕድን ጉድጓድ ስታግድ፣ በልጆቹ ቦታ ገብተው ጋሪ ከጎተቱት ውስጥ የሸትላንድ ፖኒዎች ነበሩበት። ግን መጎተትና መሸከም ይለያያል። ክብደቱ 180 ኪሎ ቢሆን 20 በመቶው 36 ኪሎ ነው። የ10 ዓመት ልጅ 32 ኪሎ ብትመዝን፣ ኮርቻው 6 ኪሎ፣ ሄልሜትና ጫማዋ 2 ኪሎ ቢሆን 40 ደረሰ። አለፈ። «ልጅ ቀላል ነው» የሚለው እዚህ ላይ ያበቃል።

የፖኒውን ክብደት ለማወቅ ትልቅ ሚዛን አያስፈልግም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሪያውን ለኩ። ከዚያ ከትከሻው አጥንት ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ጫፍ ርዝመቱን ለኩ። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ አባዙት፣ ለ11,880 አካፍሉት። ዙሪያው 150፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲሜትር ከሆነ 246 ኪሎ ይመጣል። ግምት ነው፤ ግን ለዚህ ሥራ ይበቃል።

አንድ ወጥመድ አለበት። የወፈረ ፖኒ በሒሳቡ ብዙ የሚሸከም ይመስላል። 180 ኪሎ መሆን የሚገባው ፖኒ ወፍሮ 220 ቢደርስ 20 በመቶው 44 ኪሎ ይሆናል። ግን አርባ ኪሎ ስብ ተሸክሞ ነው የሚውለው። ስቡ ራሱ ጭነት ነው። ስለዚህ የምታሰሉት መሆን ባለበት ክብደት ነው። ጎኑን በመዳፋችሁ ዳበስ አድርጉት፤ ጎድን አጥንቱ ሳይታይ በቀላሉ ከተዳሰሰ ደህና ነው። ለማግኘት ጫን ጫን ማድረግ ካስፈለጋችሁ ወፍሯል።

የልጁ እግር ከፖኒው ሆድ በታች ከተንጠለጠለ ፖኒው አንሷል የሚሉም አሉ። ጽሑፉም ጠቅሶታል። እንደ ምልክት ክፉ አይደለም፤ እንደ ሕግ ግን አልወስደውም። ረጅምና ቀጭን ልጅ ደልደል ያለ ፖኒ ላይ እግሩ ወርዶ ክብደቱ ግን ፍጹም ልክ ሊሆን ይችላል። ዝላይ ሲጀምር ነገሩ ይለወጣል፤ ያኔ ረጅም ሰውነት የፖኒውን ሚዛን ያናጋል።

«መውደቅ ያው መውደቅ ነው» አይደለም። ልጁ መሬት ሲነካ የሚያርፍበት ጉልበት ከከፍታው ጋር እኩል ይጨምራል። 110 ሴንቲሜትር ፖኒ ላይ የተቀመጠ ትንሽ ልጅ ጭንቅላቱ ከመሬት 175 ሴንቲሜትር ገደማ ላይ ነው። 165 ሴንቲሜትር ፈረስ ላይ 230 ይሆናል። ከሠላሳ በመቶ በላይ ብልጫ አለው። ሄልሜት ለሁለቱም ግዴታ ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። የሚለየው ሌላም ነገር አለ። ከትንሽ ፖኒ ልጅ ራሱ መዝለል ይችላል። ሁለቱንም እግር ከእርካብ አውጥቶ፣ ጋማ ይዞ፣ ተንሸራቶ መውረድን ከመጀመሪያዎቹ ትምህርቶች በአንዱ አስተምራለሁ። ፖኒው ሲፈረጥጥ ከመጠበቅ ቀድሞ መውረድ ይቻላል። ከ165 ሴንቲሜትር ላይ ይህን ልምምድ ለ7 ዓመት ልጅ አላስተምርም። ደፋሩም ልጅ ቁልቁል ሲያይ ይደርቃል።

የቀረው ሠንጠረዡ ነው። ሠንጠረዥ ይመቻል፤ ስልክ ላይ ይቀመጣል። በዚህ ወር ሁለት የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ። አንዷ 24 ኪሎ ናት፤ እግሯ አጭር ነው፤ ፍርሃት የሚባል አታውቅም። ቀጠን ያለ 122 ሴንቲሜትር ፖኒ ላይ ናት። ሌላኛው 41 ኪሎ ነው፤ እግረ ረጅም፣ ድንጉጥ። እሱን 148 ሴንቲሜትር የሆነች የ21 ዓመት ባዝራ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ሰውነቷ ጠባብ ስለሆነ እግሩ ጎኗን ያገኛል፤ ዣንጥላ አጠገቧ ቢዘረጋ ጆሮዋን እንኳ አታቆምም። ሠንጠረዡ ለሁለቱም 135 ሴንቲሜትር ነው የሚያዘው። በዚያ ቁመት ያለ ፖኒም አለን። ሰኮናው ሊጠረግ እግሩ ሲነሳ ይራገጣል። ለጊዜው በረጅም ገመድ እኔ ነኝ የማሠራው፤ ልጅ ገና አልወጣበትም።